ከፎርሙ ጀርባ የነበረው ጽሑፍ

ሞኝነቴን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። የጎንደርን የእግር ኳስ ውድድር አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጸሐፊነት ያገለገልኩ ሰው፣ በዕድሜዬ ኳስ የመታሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ሥራ በያዝኩ በሳምንቱ የጋራዥ ቡድን ልጆች ሲለማመዱ ኳሷ ተንከባላ መጥታ እግሬ ሥር ቆመች። ሁሉም ጨዋታቸውን ትተው አዩኝ። ዝም ብዬ ብሄድ ማን ይከለክለኝ ነበር? እኔ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አልኩና ተንደርድሬ መታሁ። ጫማዬ በአየር ሄዶ ጎል ገባ። ኳሷ የነበረችበት ናት። በረኛው ጫማዬን አነሣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ በሁለት እጁ ይዞ አመጣልኝና ግቡ ይጸድቅ እንደሆነ መዝገብ አይቼ እንድነግረው በትሕትና ጠየቀኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አራዳ ውስጥ በስሜ ልመንህ ብሎ የሚጠራኝ ጠፋ። «ባለጫማው» ሆኜ ቀረሁ።

ይሄ ትንሹ ሞኝነቴ ነው። ትልቁን በቦታው አመጣዋለሁ፤ አሁን ብናገረው ሌላውን የሚያነብልኝ አይኖርም።

ባለፈው ወር መዝገቡን፣ ማኅተሙን፣ ሁለት ፊሽካና በእርግጫ ካልሆነ የማይከፈት አንድ ቁም ሣጥን ለተተኪዬ አስረክቤ ወጣሁ። (አሥራ ዘጠኝ ዓመት መትቼ ያልሳትኩት ያንን ቁም ሣጥን ብቻ ነው።) አሁን ደብተርና እርሳስ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ቁጭ ብዬ የኋላዬን አስባለሁ። ሳስበው ይበልጡን ያስቀኛል። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ።

ጣልያን ሲወጣ ጎንደር ላይ የተወልን ብዙ ነገር ነው፤ መንገድ፣ ጋራዥ፣ የተሰበረ ማኪና፣ ኳስም ጭምር። ኳሱን የያዙት እነማን ናቸው ቢሉ ስድስት ቡድኖች ነበሩ፤ የጋራዥ፣ የግንበኞች፣ የወታደሮች፣ የመምህራን፣ የነጋዴዎችና ከከተማው ወጣ ብሎ ደግሞ የአይከል። በዚያን ዘመን ተጫዋች ሲፈርም ለኳስም ለሥራም ነው የሚፈርመው። ጋራዥ ያስፈረመው ልጅ ቅዳሜ ብሎን ያጠብቃል፣ እሁድ ጎል ያገባል፤ ደመወዙ አንድ ነው። ነጋዴዎቹ ያስፈረሙት ጨርቅ ይለካል። የኔ ደመወዝ ስንት ነበር የሚል ካለ፣ ሰው ማስለቀስ አልፈልግም፤ እንለፈው።

እኔ ከዚያ በፊት አራዳ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን አንድ ቀጭን ሽማግሌ ፊቴ ቆመው የምጽፈውን ሲያዩ ቆዩና ከኳስ ጽሕፈት ቤት እንደመጡ፣ ዓይናቸው እየደከመ ስለሆነ እጅ ጽሑፉ የሚነበብ ሰው እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። እኔም ከኳስ አንድ ነገር እንደማላውቅ በእውነት ተናገርኩ።

«ሸጋ ነው» አሉ። «ኳስ የሚያውቅ ሞልቶናል።»

አያ ጥሩነህ ማለት እኒህ ናቸው። በወጣትነታቸው ከጭነት በቅሎ ጋር ገበያ ለገበያ ሲዞሩ የኖሩ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። የትኛው ወንዝ በየትኛው ወር እንደሚሞላ፣ የትኛው ከተማ በየትኛው ቀን እንደሚገበይ በቃላቸው ያውቃሉ። የጨዋታ ፕሮግራም ማውጣት ማለት ለሳቸው ስድስት ጭነት በቅሎ መንገድ ላይ ሳይጋጩ ማሳለፍ ነው። ከዚያ የተለየ ነገር አድርገው አያውቁም።

አሠራራቸውን ልንገራችሁ። ገበታ ላይ ስድስት ፍሬ እህል ያስቀምጣሉ፤ ሦስቱን ባንድ በኩል፣ ሦስቱን ፊት ለፊት። ባቄላ ጋራዥ ነው። ሽንብራ ነጋዴዎች፣ በቆሎ አይከል፣ አተር መምህራን፣ ስንዴ ግንበኞች፣ ጤፍ እንዳይጠፋ ተብሎ ወታደሮቹ ጓያ ሆኑ። ፊት ለፊት የተያዩት በዚያ ሳምንት ይጋጠማሉ። በሳምንቱ ባቄላውን ካለበት ሳይነኩ አምስቱን እህል አንድ አንድ ቦታ ያዞሯቸዋል። እንዲህ አምስት ጊዜ ሲዞር ሁሉም ከሁሉም ጋር ተገናኝቷል፤ የቀረ የለም፣ የተደገመም የለም። እኔ በወረቀት ሦስት ቀን ለፍቼ የሚጠፋብኝን እሳቸው ከተቀመጡበት ሳይነሡ ይጨርሱታል።

በመጀመሪያው ዓመት ያንን ገበታ ጠብቅ ብለውኝ የሶላት ሰዓት ሳይደርስ የነጋዴዎቹን ቡድን አለቃ ሐጂን ለማግኘት ወደ ነጋዴዎቹ ሰፈር ወጡ። ቁጭ ብዬ ስጠብቅ እጄ ሥራ ፈታ። ሲመለሱ ገበታውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አፌ ሲንቀሳቀስ አዩ።

«ነጋዴዎቹ የት ሄዱ?» አሉኝ።

ሽንብራዋን በልቻት ነበር። አያ ጥሩነህ አልተቆጡም። ከኪሳቸው ሌላ ሽንብራ አውጥተው ቦታዋ ላይ አኖሩና ሐጂ ሲጠይቁ ቡድናቸው በጸሐፊው ሆድ ውስጥ በሰላም እንዳለ እንደሚነግሯቸው ብቻ ተናገሩ። ነግረዋቸዋልም። ሐጂ እስካሁን ባገኙኝ ቁጥር ቡድናቸውን እንዴት እንዳገኘሁት፣ ጨው አንሶት እንደሁ ይጠይቁኛል።

እህሉ ግን የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ በእግር ነው። አያ ጥሩነህ ፕሮግራሙን በእርሳስ ከጻፉ በኋላ ቀለም ሳይነካው አንድ ሳምንት ይዞራሉ። መሪጌታ ዘንድ ሄደው ጾሙና በዓሉ የት የት እንደሚውል ያረጋግጣሉ። ሐጂ ዘንድ ሄደው ረመዳንና ዒድን ይጠይቃሉ። የጭነት ማኪና ነጂዎችን የአይከል መንገድ እንዴት እንደሆነ ይጠይቃሉ። አንድ ጊዜ ኮሶዬ ላይ የወዳጅነት ጨዋታ አድርገን ኳሷ ገደል ገብታ፣ የሚያወጣት ሰው ወርዶ እስኪወጣ ሁለቱም ቡድን መንገድ ዳር ምግብ ቤት ገብቶ ምሳውን በልቶ ጨረሰ። ከሆዳቸው ክብደት የተነሣ ሁለተኛው አጋማሽ እንደ ቀብር ነበር የሚሄደው። አያ ጥሩነህ በማግሥቱ ደብተራቸው ላይ «ኮሶዬ፦ ሁለት ኳስ» ብለው ጻፉ። ሌላ አስተያየት አልነበራቸውም።

ተጫዋች ሲፈርም ደግሞ ሌላ ልማድ አላቸው። ፎርሙ ፊት ለፊት ስም፣ ዕድሜ፣ የቡድን ስም፣ የዋስ ስም፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ነው። እሱን ያስሞላሉ። ከዚያ ፎርሙን ገልብጠው እርሳሳቸውን ምላሳቸው ላይ ነካ አድርገው አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ «በዚህ ዓመት ምን አለብህ?» ልጁ መጀመሪያ ዕዳ የተጠየቀ መስሎት ይደነግጣል። አይደለም። ሠርግ አለብህ ወይ? ማኅበር ትጠጣለህ? ተራህ መቼ ይደርሳል? ሚስትህ ነፍሰ ጡር ናት? ያባትህ እርሻ የሚታጨደው መቼ ነው? ማለታቸው ነው። የተነገራቸውን በዚያ ዶሮ የጫረችው በሚመስል ጽሑፋቸው ጀርባው ላይ ያሰፍሩታል።

አንድ ጊዜ አንድ ፈጣን የመስመር አጥቂ በአንድ ቀን ለሁለት ቡድን ፈረመ። ጋራዦቹ ጠዋት ቁርስ ጋብዘው አስፈረሙት፤ ነጋዴዎቹ ደግሞ ምሳ ጋብዘው። ሁለቱም ፎርም ይዘው ጽሕፈት ቤቱን አጥለቀለቁት። ሊቀ መንበራችን ጡረታ የወጡ ሻለቃ ነበሩና ልጁ ለዓመት ይታገድ አሉ። አያ ጥሩነህ ልጁን ብቻውን ጥግ አስቀምጠው እግሩ ቢሰበር ከየትኛው ቤት ሰው ሊጠይቀው እንደሚመጣ ጠየቁት። ልጁ ብዙ አሰበና የነጋዴዎቹ አምበል እናት ትመጣለች አለ። በቃ፣ ለነጋዴዎቹ ጸደቀ። ጋራዦቹም ፎርማቸውን አጥፈው ሄዱ፤ አንዳቸውም ጠያቂ እንደማይልኩ ያውቁታል።

አሁን ወደ ትልቁ ሞኝነቴ ደርሰናል።

በአምስተኛው ዓመቴ፣ የመጀመሪያው ዙር አልቆ ጾመ ሁዳዴ ሲገባ፣ የአያ ጥሩነህ ዓይን ጭራሽ ከዳቸው። ቤታቸው ተቀመጡና ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ። በዚያው ሰሞን ሻለቃ ከአንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ የጽሕፈት መኪና አስመጡልን። አንዷ ፊደሏ የጎደለች፣ ደወሏ ግን እንደ ቤተ ክርስቲያን የምትጮኽ ነበረች። እኔ ከዚያች መኪና ፍቅር ያዘኝ። በሁለት ጣት ነው የምጽፈው፤ ግን ሰው ሲገባ በዐሥሩም የምጽፍ ለመምሰል ስምንቱን አንቀሳቅሳቸዋለሁ።

ያ ሁሉ የተጨማደደ ፎርም በእርሳስ ተሞነጫጭሮ ሳየው አስጠላኝ። የዘጠናውንም ተጫዋች ፎርም በአዲስ ወረቀት በታይፕ ገለበጥኩት፤ ፊቱን ብቻ። ጀርባውን ዓይኔ አይቶታል። «በግ ሁለት»፣ «ሚካኤል በተራው»፣ «እህቱ ታገባለች»። የሽማግሌ ማስታወሻ መስሎኝ ሳቅኩ። ያሮጌውን ወረቀት ክምር ለባለሱቁ ጎረቤቴ ሰጠሁት፤ ስኳር ጠቀለለበት። አራዳ ግማሹ በዚያ ወር ሻዩን የጠጣው በአያ ጥሩነህ ወረቀት በተጠቀለለ ስኳር ነው።

ከዚያ የሁለተኛውን ዙር ፕሮግራም አወጣሁ። እህሉን አዞርኩ፤ በዚህ ጊዜ የበላሁት የለም። ግድግዳ ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ አየሁ፣ በዓሉን ዘለልኩ። ሰው ዘንድ ግን አልዞርኩም። ምን ያዞረኛል? በካርቦን ስምንት ቅጂ ጻፍኩ፣ ማኅተም መታሁበት፣ ለየቡድኑ ላክሁ። እንደዚያ ያማረ ፕሮግራም ጎንደር አላየችም። የመጨረሻውና ዋንጫውን የሚወስነው ግጥሚያ አይከል ከጋራዥ፣ ከግንቦት ወር እሁዶች በአንዱ ላይ ዋለ። ቀን መቁጠሪያዬ ላይ ያ እሁድ ምንም የለበትም፤ ንጹሕ ነበር።

በመሃል ሻለቃ የምሥራች ይዘው መጡ። ከአዲስ አበባ ከአንድ ትልቅ ቡድን በረኛ የሚመለምል ሰው ያንን ግጥሚያ ሊያይ ይመጣል ተባለ። የሚፈልገው አንድ በረኛ ነው። ለሚፈርመው ልጅ የፋብሪካ ሥራና መኖሪያ አለው። ማን እንደሚሆን ለማንም ግልጥ ነበር፤ የአይከሉ አድማሱ።

አድማሱ አይከል ወፍጮ ቤት ጆንያ የሚሸከም የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነው። መዳፉ እንደ ገበታ የሰፋ፣ ንግግሩ ጥቂት። ኳስ ሲይዝ እንደ ሌሎቹ በረኞች አይወድቅም፣ አይንከባለልም። ጆንያ ከማኪና ላይ ሲወረወርለት እንደሚቀበለው ቆሞ ይቀበላታል። በመጀመሪያው ዙር አምስት ጨዋታ ሁለት ግብ ብቻ ነበር የገባበት። ከአይከል ወፍጮ ቤት የሚያወጣው ሌላ በር አልነበረም፤ ይሄ አንዱ በር ነበር።

ግጥሚያው ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ፣ በገበያ ማኪና ተጭኖ ጽሕፈት ቤቴ መጣ። ዱቄቱ ቅንድቡ ላይ እንዳለ ነው። ሁለት የጋራዥ ሰዎችና ሻለቃ ተቀምጠዋል። ቆሞ ያችን ያማረች ፕሮግራሜን ከኪሱ አወጣና ያ እሁድ ያባቱ ሙት ዓመት እንደሆነ፣ ድግሱ እንደተጠራ፣ ካህናቱ እንደተነገራቸው ገለጠልኝ። ግጥሚያው ለሚቀጥለው እሁድ ይዞርለት እንደሆነ ለመነኝ። ማዞሩ ይቻል ነበር። ለአዲስ አበባው ሰው አንድ ቴሌግራም፣ ለስድስቱ ቡድን አንድ ወረቀት፤ በቃ። ግን ስምንት ቅጂ ጽፌያለሁ! ማኅተም መትቻለሁ! ድግሱን ለወንድሙ እንዲተውለት ነገርኩት።

«ወንድም የለኝም፤ ወንድ ልጅ እኔ ብቻ ነኝ» አለ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይሄን ታሪክ ባልጻፍኩት። ሰው ተቀምጧል፣ እኔ ደግሞ ቀልደኛ ነኝ።

«አባትህ እንደሁ ከእንግዲህ አይቸኩሉም» አልኩት። «ያዲስ አበባው ሰውዬ ግን ይቸኩላል።»

ጋራዦቹ ሳቁ። ሻለቃ ፂማቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም በራሴ ቀልድ ሳቅኩ። አድማሱ ፕሮግራሙን በአራት አጠፈና ኪሱ ከተተ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነስቶ ወጣ። ደጃፉ ላይ የቆመበት ቦታ ትንሽ ዱቄት ቀረ። እስኪጠረግ ድረስ ዓይኔ እዚያ ላይ ነበር፣ ለምን እንደሆነ ግን ያን ጊዜ ራሴን አልጠየቅሁም።

በእሁዱ ሜዳው ሞላ። የአይከል ማኪና መጣ፤ ከማኪናው የወረዱትን አንድ ሁለት ብዬ ቆጠርኩ፤ አድማሱ የለም። በእሱ ፋንታ ጓንት ያደረገው አይከል ውስጥ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነበር። ረጅም ነው ተብሎ ነው የተመረጠው። ኳስ በመጣ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል። ሰባት ገባበት። ያዲስ አበባው ሰው ከኔ አጠገብ ተቀምጦ ያ ዝነኛ በረኛ የትኛው እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሁለት ጊዜም ውኃ ልጠጣ ብዬ ተነሣሁ። በዚያኛው ጫፍ የጋራዡ በረኛ አንድ ኳስ ሳትደርስበት የጎሉን ቋሚ ተደግፎ ሸንኮራ ሲልጥ ነው የዋለው። ሰውዬው መጨረሻ ላይ ባዶ እጁን ላለመመለስ ቁመቱን አይቶ እሱን አስፈረመ። (በስድስት ወሩ ተመልሶ መጣ። አዲስ አበባ ሸንኮራው አይጥምም አለ።)

ጋራዦቹ ዋንጫ ሲያነሡ እኔ ወደ አያ ጥሩነህ ቤት ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። የእግሬን ድምፅ ለይተው በስሜ ጠሩኝ። እሳቸው ብቻ ናቸው ልመንህ የሚሉኝ። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ታይፑን፣ ስኳሩን፣ ቀልዱንም ጭምር። ቀልዱ ላይ ስደርስ ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ፤ የማያዩበትን ዓይናቸውን መሸሽ አቃተኝ።

«የአድማሱ ጀርባ ላይ ምን ብዬ ነበር የጻፍኩት?» አሉኝ።

አስታወስኩ። ስገለብጠው አይቼው ስቄበት ነበርና። «አባት፤ ግንቦት፤ ደጋሹ እሱ» የሚል ነበር።

«የስንት ሰው ጀርባ ነው የጠፋው?»

«ዘጠና።»

«እንግዲህ ዘጠና ቤት ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ ፀሐያቸው መለሱ። እኔም ዘጠና ቤት ምን እንደሆነ ገባኝ።

የመጀመሪያው ቤት አይከል ነበር። በማግሥቱ በጭነት ማኪና፣ በጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። አድማሱ ከወፍጮ ቤት ሲወጣ ሲያየኝ አልተገረመም፤ ቤቱ ይዞኝ ሄደ። እናቱ እንግዳ ነኝና ማንነቴን ሳይጠይቁ ከድግሱ የተረፈውን ጠላና እንጀራ አቀረቡልኝ። የባልየውን የሙት ዓመት እንጀራ ቆርሼ በላሁ። ያዘጋጀሁት የይቅርታ ንግግር ነበር፤ ማመልከቻ ጸሐፊ አይደለሁ? ከመግቢያው አላለፍኩም። ይቅር በለኝ ብቻ አልኩት።

አድማሱ «ምነው ሳይጠይቁኝ ጻፉት?» አለኝ። «አያ ጥሩነህ ኅዳር ላይ ጠይቀውኝ ነግሬያቸው ነበር። ተመዝግቧል ብዬ ነው ለሰው ድግስ የተናገርኩት።»

አዲሱን ፎርሙን ከቦርሳዬ አወጣሁ፣ ገለበጥኩት። እርሳሴን ምላሴ ላይ ነካ አደረግሁ። ምን እንዳለበት ጠየቅሁት። ሊመልስልኝ አይገደድም ነበር። ግን ቀስ እያለ ነገረኝ፤ የእናቱን ሕመም፣ የማኅበሩን ተራ፣ የበቆሎ አጨዳውን። ሁሉንም ጻፍኩ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም። እስከ ማኪናው ግን ሸኘኝ።

ክረምቱን ሙሉ ሰማንያ ዘጠኙን ቤት ዞርኩ። ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ ነጠቀኝ፤ ባለጫማው ባዶ እግሩን ሲሄድ ያየ ሁሉ ሳቀ። ግን እውነቱን ልናገር፤ ከሥራ ዘመኔ እንደዚያ ክረምት የወደድኩት ጊዜ የለም። እስከዚያ ድረስ ዘጠና ስም ነበር የማውቀው። የጋራዡ አጥቂ በየወሩ በአሥራ ሁለት ለሚካኤል ማኅበር ዳቦ ተሸካሚ መሆኑን አወቅሁ። የነጋዴዎቹ ተከላካይ ረመዳን ላይ ቀትር ሲሆን ለምን እንደሚፈዝ፣ ከመምህራኑ አንዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓይነ ስውር አጎቱን መርቶ ገበያ እንደሚያወጣ ሰማሁ። በዚያ ዓመት ያወጣሁት ፕሮግራም በእጅ የተጻፈ፣ በስርዝ የተሞላ፣ አስቀያሚ ነገር ነበር። አንድ ሰው እንኳ አቤት አላለበትም። ለአያ ጥሩነህ አነበብኩላቸው፤ በእጃቸው እህሉን እያዞሩ ሰሙኝና «ሸጋ» አሉ። ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል አሁን፤ ያችን ሸጋ ግን በኪሴ ይዣት እዞራለሁ።

ያዲስ አበባው ሰው ተመልሶ አልመጣም። አድማሱ አይከል ቀረ። በሦስተኛው ዓመት አይከል ዋንጫ በላ፤ ዋንጫውን በዱቄት መዳፉ ይዞ አጠገቤ ሲያልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለደብኝ። ያን ቀን እሱ ቢኖር ኖሮ ሰባት ሳይሆን ስድስት ብቻ ይገባ ነበር አለኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ሳቄ ከየት በኩል እንደወጣ አላውቅም። ኋላ የወፍጮ ቤቱ ተካፋይ ሆነ፣ ሚስት አገባ፣ መጫወት ሲተው የአይከልን ቡድን ያዘ።

ሥራዬን ላስረክብ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ፣ ስድስቱ ቡድኖች የስንብት ግጥሚያና ምሳ ሊያደርጉልኝ ተማክረው ኖሯል። አልነገሩኝም። አድማሱ ነው የመጣው፣ ከአይከል በገበያ ማኪና፣ ቅዳሜ ቀን። ፀጉሩን ሽበት ጀማምሮታል፤ ዱቄት ይሁን ሽበት ለመለየት ቀርቤ አየሁት። አሁን እሱም አያ ልመንህ ይለኛል፤ ጊዜው ነው። ተቀመጠና ከኪሱ ወረቀት አወጣ። የኔን ስም ጽፎበታል። ገለበጠው። ጠረጴዛዬ ላይ ካለው እርሳስ አንዱን አነሣና ምላሱ ላይ ነካ አደረገ።

ግጥሚያውን ለየትኛው እሁድ እናድርገው ብሎ ጠየቀኝ፣ በዚህ ወር ምን እንዳለብኝ እንድነግረው። ከዚያ ክረምት ጀምሮ ሰው ስጠይቅ የኖርኩትን ጥያቄ እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እንደ ልማዴ በቀልድ ላልፈው ፈለግሁ።

«የፈቀዳችሁት እሁድ አድርጉት» አልኩት። «እኔ ከእንግዲህ የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም።»

አድማሱ እርሳሱን ከወረቀቱ ላይ አላነሣም።

«የማይቸኩለውን ነው አስቀድሞ መጠየቅ፣ አያ ልመንህ» አለኝ። «እሱን ያስተማሩኝ አንቱ ነዎት። በሉ ይንገሩኝ፤ ምን አለብዎ?»